ሰባተኛዋ ሙገሳ

ሳሕራ የገዛ ደስታዋ በቁጥር ሲጠራ የሰማችው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቀሚስ እየተኮሰች ነው። ቀሚሱ የወንድሟ ልጅ የኢልሃን ነው፤ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ኮሌጅ ገብታ፣ ሦስት መምህራን ፊት ቆማ የመመረቂያ ጥናቷን የምታቀርብበት ሰማያዊ ቀሚስ፣ እጅጌው ረጅም፣ ወገቡ ላይ ሁለት እጥፋት ያለው። የድሬ፣ የሳቢያን ሰፈር ፀሐይ በዚያ ሰዓት ቆርቆሮውን ገና ማንኳኳት መጀመሯ ነው፤ ትንሽ ከቆዩ ካውያ መያዝ እሳት በእሳት ላይ ስለሆነ ሳሕራ ሁልጊዜ በማለዳ ነው የምትተኩሰው። ከመጋረጃው ወዲያ ኢልሃን በእንግሊዝኛ ትለማመዳለች። ሳሕራ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ቢሆንም አዲስ እንደተገዛ ሬዲዮ ነበር የምታዳምጣት፤ የሚለው ባይገባም የእኔ ነው ያሰኛል። ልጅቷ ደጋግማ «ቫሪያብል» ትላለች። ይህ ስም በዚህ ሰሞን ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ስንት ጊዜ እንደተነሳ የቆጠረው የለም፤ ሳሕራ ግን ትምህርቱን ያመጣው ፈረንጅ ሳይሆን አይቀርም ብላ ገምታ፣ በሆዷ «አላህ ይስጠው» ስትለው ከርማለች።

እንግሊዝኛው ድንገት ቆመና ልጅቷ በአማርኛ ማንበብ ጀመረች። «ቁጥር አምስት። አንቺ ስትሰፊ ማየት ብቻውን ዕረፍት ነው። ቁጥር ስድስት። ኮሌታሽ ሳይተኮስ የተተኮሰ ይመስላል። ቁጥር ሰባት። እንዳንቺ ያለ እጅ አላየሁም፤ እናቴ ብታይሽ ትቀናብሽ ነበር።»

ሳሕራ ካውያውን አነሳች። ሌላ ሴት ብትሆን ቀሚሱን ታቃጥለው ነበር፤ የሰፊ እጅ ግን ባለቤቱ ስትደነግጥም ሥራውን አይረሳም። ካውያውን አየር ላይ ይዛ ቆመች። ወዲያው የኢልሃን ስልክ ጮኸ፤ የክፍል ጓደኛዋ መሆን አለባት፤ ልጅቷም እየሳቀች ታስረዳት ጀመር። «አቦ ቫሪያብሉ እኮ ቀላል ነው። እኔ የምለዋውጠው ሙገሳውን ነው፣ የምቆጥረው ደግሞ ኮሌታውን። ለበሩ ረድፍ ሙገሳ፣ ለግድግዳው ረድፍ ዝምታ፤ ሌላው ነገር ሁሉ እኩል። ... ኧረ አይደለም፣ የምር መሆን የለበትም! የምር ከተቀላቀለበት ተበላሸ። አስሩንም አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኳቸው። በቀን አንዷን፣ በየተራ ለብቻ ጠርቼ፣ ለአራቱም ሴቶች፣ በእኩል ድምፅ። ... አዎ፣ አክስቴም አለችበት። አታውቅም።»

ሰባተኛዋ ሙገሳ ለሳሕራ ምን እንደነበረች ለመረዳት ሆዳንን ማወቅ ያስፈልጋል። ሆዳን የኢልሃን እናት፣ የሳሕራ የወንድም ሚስት ነበረች፤ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ። በዚህ ሰፈር ሙሽራ ስትዳር መጀመሪያ ሆዳን ዘንድ ተለክታ ነው ወደ ሽማግሌ ወሬ የሚኬደው ይባል ነበር። ሳሕራን መርፌ ያስያዘቻት እሷ ናት፤ ያስያዘቻትን ያህልም አሹፋባታለች። ሳሕራ አንድ እጀ ጠባብ ጨርሳ ስታሳያት ሆዳን ጨርቁን ወደ ብርሃን ታዞርና «ናያ፣ አንቺ፣ ይሄ ክር ሰክሯል፤ ቤቱን ስቶ ነው የሚሄደው» ትላታለች። ሆዳን ሞተች፤ ሽሙጡ ግን ሳሕራ ጆሮ ውስጥ ቀረ። ወንድሟ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ሌላ አግብቶ እዚያው ቀረ፤ ልጅቷን ያሳደገችው ሳሕራ ናት። ከሆዳን ዕቃ ደግሞ አንድ መቀስ ነበር፣ ጥቁር እጀታ ያለው፣ ከባድ። ሳሕራ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሻንጣ ሥር አኖረችው፤ አንድም ቀን ልትቆርጥበት አልደፈረችም። ባለፈው ወር ኢልሃን የስፌት ቤቱ በር ላይ ቆማ «እናቴ ብታይሽ ትቀናብሽ ነበር» ያለቻት ዕለት ሳሕራ ክር የምትፈልግ መስላ ከጨርቁ ክምር ጀርባ ገባች፣ ዓይኗን አብሳ ወጣች። ማታ ቤት ስትገባ ሻንጣውን ከፈተች። ይህን ሰማያዊ ቀሚስ የቆረጠችው በሆዳን መቀስ ነው።

መጋረጃው ተገለጠ። «ኤዶ፣ ደረሰ?»

«ደረሰ፣ ኤዶ።»

በሶማሌ ቤት እንዲህ ነው። ልጅቷ የአባቷን እህት ኤዶ ትላለች፤ አክስትየዋም መልሳ ልጅቷን ኤዶ ትላታለች። አንድ ስም ለሁለት ሰው። ኢልሃን ከጨቅላነቷ ጀምሮ ከሳሕራ አፍ ሌላ መጠሪያ ሰምታ አታውቅም፤ ስታጠፋ እንኳ «ኤዶ፣ ዱላ አማረሽ?» ነው የምትባለው።

ልጅቷ ቀሚሱን ደረቷ ላይ ለጥፋ መስታወቱ ፊት ተሽከረከረች። «ማሻአላህ! እጅሽ ይባረክ፣ ኤዶ!» አለች። ሳሕራ ፊቷን አየች። ትናንት ቢሆን ይህን ቃል ይዛ እስከ መጋላ ገበያ በእግሯ ትሄድበት ነበር። አሁን ግን ቁጥር ፈለገች፤ ይሄ ስምንት ነው ወይስ ዘጠኝ? ልጅቷ ፊት ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ያው ፊት ነው፣ ያው ድምፅ። ልትጠይቃት አፏን ከፈተች። ግን የልጅቷ ቀን ነው፤ ደግሞም እዚህ ቤት ትልቅ ነገር ሲመጣ ዝም ማለት የቆየ ልማድ ነው። «ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ» ብላ ወጣች።

ባጃጁ ሃያ ብር ጠየቃት፤ ሁልጊዜ ተከራክራ አሥራ አምስት የምታደርገው ሴትዮ ዛሬ ዝም ብላ ገባች። ሹፌሩ ታማ እንደሆን ጠየቃት። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ድልድይ ሲሻገሩ ታች አሸዋው ላይ ልብስ አንጥፈው የሚሸጡትን፣ ፍየሎቹን፣ የተገለበጠውን ጋሪ አየች፤ ሁሉም እንደ ትናንቱ ነው። ሐሳቧ አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር፤ «ለአራቱም ሴቶች፣ በእኩል ድምፅ»። «ምናልባት ሰባተኛዋን ያለችው ለእኔ ብቻ ይሆናል» አለች በሆዷ። እናትን የሚያህል ነገር ለማንም አይባልም።

የዒብራሂም ስፌት ቤት መጋላ ውስጥ ያለ አንድ ረጅም ክፍል ነው። ስምንት የስፌት መኪና፣ አራቱ በበሩ በኩል፣ አራቱ በግድግዳው በኩል። ዓመቱን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋበታል፤ ሴቶቹ ዋና ሥራቸው ኮሌታ ነው። ሳሕራ በበሩ ረድፍ ናት፤ ከእሷ ጋር ዋሪስ፣ ፊርዶስና ራሕማ። በግድግዳው ረድፍ ጫፍ አለምብርሃን ተቀምጣለች፤ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ሦስት ቋንቋ ተናጋሪ፣ በሦስቱም የምትቆጣ። ዛሬ ሳሕራ ስትገባ ወሬው ስለ ሽንኩርት ነበር፤ ኪሎው ሰማንያ ገባ፣ አልገባም። ሳሕራ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ መርፌው ውስጥ ክሩን ሦስት ጊዜ ሳተች፣ ከዚያ ዞር ሳትል ጠየቀች።

«ዋሪስ፣ ባለፈው ወር ያቺ ልጅ ስትመጣ ምን ትልሽ ነበር?»

«ኢልሃን? ወላሂ እንዴት ያለች ልጅ ናት! አንድ ቀንማ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ እናቴ ብታይሽ ትቀናብሽ ነበር።»

የፊርዶስ መኪና ቆመ። «ለማን ነው ያለችው? እሱን ያለችው እኮ ለእኔ ነው!»

ራሕማ እንደ ሌባ አንገቷን ቀብራ፣ «ለእኔም ብላኛለች» አለች። «እንዳትቀኑብኝ ብዬ ነው ያልተናገርኩት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዋሪስ ጭኗን እየመታች፣ «እኔ ደግሞ ለባሌ ነግሬው! ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ እየቀዳ በአክብሮት ነበር የሚያየኝ!» አለች። ፊርዶስ ሆዳንን አይታት አታውቅም፤ ዋሪስም ከዋሂል ገጠር ከመጣች ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱም ግን የማያውቋት ሟች ትቀናባችሁ ነበር መባላቸው አኩርቷቸው ከርሟል። ሳቁ ሲበርድ ሳሕራ እንዳልሳቀች አዩ። ከመጋረጃ ጀርባ የሰማችውን ነገረቻቸው፤ አሥሩን ሙገሳ፣ ቁጥሩን፣ «የምር ከሆነ ይበላሻል» የተባለውን። ማንም መኪናውን አላስነሳም።

ቀድማ የተናገረችው አለምብርሃን ናት። «እናንተስ ተዋሸላችሁ። እኔ ምን ልበል? ሁለት ሳምንት ሙሉ በሩ ላይ ቆማ እናንተን እያቆላመጠች፣ እኔን እንደ በርሜል እያየች ሄደች። በሕፃንነቷ ትኩሳት ይዟት ያጠብኳት ልጅ! ምን በድያት ነው እያልኩ እህል አልበላ አለኝ። የዚያን ሰሞን የሰፋሁት ኮሌታ ሁሉ ጠማማ፤ ዒብራሂም ሁለት ቀን ስፌቱን አስፈታኝ።»

«እና አሁን» አለች ዋሪስ ቀስ ብላ፣ «የበሩ ረድፍ ብዙ ኮሌታ የሰፋው በሙገሳዬ ነው ብላ ነው የምታቀርበው?»

«እንደዚያ መሰለኝ።»

«ሳምቡሳሽንስ ጻፈችው?»

የሳምቡሳው ነገር እንዲህ ነው። ኢልሃን በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ልጅቷ ደብተር ይዛ ኮሌታ እንደምትቆጥር ሳሕራ አየች። ለትምህርቷ እንደሆነ ገባት፤ ምን እንደሆነ ባይገባትም የሚቆጠር ነገር መብዛት እንዳለበት ማን ያጣዋል? በማግስቱ ለበሩ ረድፍ ሴቶች «ልጄ ናት፤ አታሳፍሩኝ» ብላ ለመነቻቸው። ልመና ብቻውን ደረቅ ነው ብላ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትኩስ ሳምቡሳና አንድ ፔርሙስ የቅመም ሻይ ታመጣላቸው ጀመር፤ ለአራት ሴት የሚበቃ፤ ለስምንት አይደርስም ነበር። ሴቶቹ እየበሉ፣ እየሳቁ፣ የሳሕራን ፊት ላለማጥቆር ሲሉ ሰፉ። ኢልሃን የምትመጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፍርፋሪው ከተጠረገ በኋላ ነው። ከበሩ ደፍ አልፋ ገብታም አታውቅም፤ እዚያ ንፋስ አለ። ብትገባ ኖሮ የግድግዳውን ረድፍ ግድግዳ በእጇ ትነካው ነበር፤ ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ዳቦ ቤት አለ፣ ከሰዓት በኋላ ምድጃው ሲነድ ድንጋዩ እጅ አያስነካም። የግድግዳው ረድፍ ሴቶች ከስምንት ሰዓት በኋላ የሚሰፉት በአንድ እጃቸው ነው፤ በሌላው ያራግባሉ። «ሌላው ነገር ሁሉ እኩል» ብላለች ልጅቷ በስልክ።

«አትሂጂ ዛሬ» አለቻት ፊርዶስ።

«እሄዳለሁ። ፊት ወንበር እቀመጣለሁ ብያታለሁ።»

የምትሄደው ግን ለወንበሩ አልነበረም። አንድ ነገር ማወቅ ትፈልጋለች፤ ሰባተኛዋ ሙገሳ፣ ለአራት ሰው ተከፋፍላ እንኳ፣ በአንድ ጥግ የእሷ ነበረች ወይስ አልነበረችም። ይህን የምታውቀው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ልጅቷ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚራ ሰፈር፣ ኮሌጁ ውስጥ ትሆናለች።

ኮሌጁ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ማቅረቢያው ክፍል ሦስተኛው ላይ። ሳሕራ ለመምህራኑ የጠበሰችውን ሳምቡሳ በካርቶን ይዛ ደረጃውን ወጣች፤ ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ ለምን እንደጠበሰችው ብትጠየቅ፣ ሊጡ ከትናንት ቦክቶ ነበር ከማለት ሌላ መልስ አይኖራትም። ሦስቱ መምህራን ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ አንደኛው የኢልሃን አማካሪ መምህር ዓብዩ ነው፣ ሁለተኛው ስልኩን የሚያይ ወጣት፣ ሦስተኛዋ ከአዲስ አበባ የመጣች መነጽራም ዶክተር። ቬንትሌተሩ ይንጫጫል። ኢልሃን በሰማያዊው ቀሚስ ቆማለች፤ ቀሚሱ ተስማምቷታል፣ ይህን ጠላትም አይክድም። ግድግዳው ላይ የስፌት ቤቱ ሥዕል በራ፤ ስምንት ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ በሁለት ረድፍ። ሳሕራ የራሷን ፈልጋ አገኘች፤ በበሩ በኩል፣ ቁጥር አንድ ተጽፎባታል። በግድግዳው በኩል ዳቦ ቤት የለም፤ ንጹሕ ነጭ ነው። ቀጥሎ ሁለት ዓምድ መጣ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ኢልሃን ረጅሙን በእጇ እያሳየች ፈገግ አለች፤ ወጣቱ መምህርም ራሱን ነቀነቀ።

ዶክተሯ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ኢልሃን ቶሎ መለሰች፤ «ኖ» የምትለዋን ሳሕራም አውቃለች። ዶክተሯ ወረቀቱን ገለጠች፣ መልሳ ጠየቀች። ኢልሃን መልሳ «ኖ» አለች። ያን ጊዜ ዶክተሯ ወደ አማርኛ ዞረች፤ «ከተሳታፊዎቹ እዚህ የተገኘ አለ?»

መምህር ዓብዩ በደስታ፣ «አክስቷ እዚያ ናቸው» አለ።

«አክስቷ?» ዶክተሯ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። «ከስምንቱ አንዷ አክስትሽ ናቸው? ይህ የት ተጽፏል?»

ኢልሃን ወለሉን አየች። ዶክተሯ ወደ ሳሕራ ዞራ ድምጿን አለዘበች። «እናቴ፣ እርስዎ ይንገሩን እስቲ። የበሩ ረድፍ ለምን ብዙ ሰፋ?»

አንቱ በማይባልባት ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው አንቱ ሲሉት ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ሳሕራም ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። ተነሳች። ኢልሃን በዓይኗ ትለምናት ነበር፤ እንዲህ በለመነቻት ቁጥር ሳሕራ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ጎረቤት ፊት ቆማ ስታስጥላት ኖራለች። «ልጅቷ ስላሞገሰችን ነው» ብትል ያልቃል፤ ረጅሙ ዓምድ ረጅም ሆኖ ይቀራል፣ ሳምቡሳው ይበላል፣ ፎቶ ይነሳሉ። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ዳቦ ቤቱ ነበር። ስለሚነደው ግድግዳ ተናገረች። ስለ አለምብርሃን ጠማማ ኮሌታዎች ተናገረች። ስለ ልመናዋ ተናገረች። ስለ ሳምቡሳው ስትናገር ወጣቱ መምህር ሳቀ፤ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎችም ተከተሉት፤ ካርቶኑ ደግሞ እጇ ላይ ነው። እውነቱ ይውጣ ብላ ይሁን ወይስ አንጀቷ ተቃጥሎ፣ ሳሕራ ራሷ እስከ ዛሬ አልለየችውም። ሳቁ ሲያልቅ አንድ ያላሰበችው ቃል ጨመረች። «ሙገሳውን ግን እኔ አምኜው ነበር» አለች። «የሌሎቹን አላውቅም።»

ዶክተሯ ወደ ኢልሃን ዞረች። «ይህ እኮ ነው የጠየቅኩሽ፤ አምታች ተለዋዋጭ። አንቺ የለወጥሽው ሙገሳውን ብቻ ይመስልሻል። ከሙገሳው ጋር ንፋስ ገብቷል፣ ምግብ ገብቷል፣ የአክስት ልመና ገብቷል፤ ዝምታ ያልሽውም ዝምታ ሳይሆን ቅጣት ሆኗል። አሁን የትኛው ምን እንደሠራ ማን ይለየዋል?» ሳሕራ «አምታች» የምትለዋን ቃል ያዘች። አሥራ አንድ ዓመት ያሳደገችበት ነገር በዚህ ቤት ስሙ አምታች ነው፤ መጀመሪያውኑ ተጠርጎ መውጣት የነበረበት።

ዶክተሯ አንድ ገጽ ገለጠች። «ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ጥናቱ እንዳለቀ ለሁሉም ተሳታፊዎች እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ ይላል። ሙገሳው የውሸት እንደነበረ። ነግረሻቸዋል?»

መምህር ዓብዩ ብዕሩን አስቀመጠ። ሳሕራ የመምህራኑን ፊት አይታ ይህ እንደ ሳምቡሳው የሚሳቅበት እንዳልሆነ ተረዳች። ኮሌታ ቢሳሳት ይፈታል፤ ይህ ግን ልጅቷን ከነቀሚሷ ከዚህ ሕንፃ የሚያስወጣት ነገር ነው።

«ሰምተናል» አለች ሳሕራ። «እኔ ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት፤ ሌሎቹም ዛሬ ሰምተዋል።»

«ከእሷ ነው የሰሙት?»

«ከራሷ አፍ።»

ከዚህ ውስጥ ውሸት ማግኘት የሚችል ይፈልግ። ዶክተሯ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ገጹን ዘጋችው። ተማከሩ። ኢልሃን አልፋለች፤ ግን አንድ ምዕራፍ ሙሉ እንደገና ትጽፋለች፤ አምታቾቹን አንድ በአንድ ዘርዝራ፣ ዝምድናውን ገልጻ፣ የሙገሳው ውጤት አይታወቅም ብላ። መምህር ዓብዩ ሲወጣ ከካርቶኑ ሁለት ሳምቡሳ አነሳ፤ «ውጤታማ ነው የተባለው ይሄ ነው?» ብሎ ቀለደ። የሳቀለት አልነበረም።

ወደ ሳቢያን የመለሳቸው ባጃጅ ነው። ካርቶኑ በመካከላቸው ተቀምጧል። ግማሽ መንገድ ላይ ኢልሃን፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ፣ «ኤዶ፣ የሳምቡሳውን ነገር ቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«አንቺስ የሙገሳውን ነገር?»

«ትምህርት ነው እኮ፤ ሰው ካወቀው አይሠራም።»

«ሳምቡሳም እንደዚያው ነው።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸውና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ኢልሃን አለቀሰች፤ እንባዋ ሰማያዊው ቀሚስ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሳሕራ ከልማዷ የተነሳ ጨርቁ ምልክት ይይዝ ይሆን ብላ አየች። «የመጨረሻውን ጥያቄ አንቺ ባትመልሺልኝ አልቆልኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም። ወላሂ፣ ኤዶ።»

ቃሉ ጥሩ ቃል ነበር። ድምፁም የተሰበረ፣ እጇም ሳሕራ ክንድ ላይ ያረፈ። ሳሕራ ክንዷን አላነሳችም። አጥብቃ አዳመጠችው፤ ሆዳን ጨርቅ ወደ ብርሃን እንደምታዞረው ቃሉን ወደዚህም ወደዚያም አዞረችው፣ ስፌቱን ፈለገች።

«ይሄ ስንተኛው ነው?» አለች።

ኢልሃን እጇን ሰበሰበች። በጣም ቀስ ብላ፣ «ሰባተኛዋ የምሬ ነበረች» አለች። «መጀመሪያ የጻፍኳት እሷን ነው፣ ለአንቺ። ከዚያ የጥናቱ ሕግ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት ስለሚል... ለእነሱም አልኳት።»

ይህ ነበር ሳሕራ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው የዋለችው። ተሰጣት። ግን እጇ ላይ ሲያርፍ የሚጨበጥ ነገር አልሆነም። እውነት ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ስለፈራች፣ ስላፈረች፣ ወይም ስላዘነችላት ያለችው ሊሆንም ይችላል። ባለፈው ወር በሩ ላይ ቆማ ስትናገርም ድምጿ ልክ እንደዚህ ነበር፤ ለዋሪስም እንደዚህ፣ ለፊርዶስም እንደዚህ። «የትኛው ምን እንደሠራ ማን ይለየዋል» ያለችው መነጽራሟ ሴትዮ ትዝ አለቻት። «እዚህ ጋ አውርደን» አለችው ሹፌሩን።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልወረደችም። ኢልሃን ቀሚሱን ቀይራ ወጣች፣ ሻይ ጣደች፣ ሳይጠይቋት ሁለት ብርጭቆ አጠበች። ሳሕራ ውስጥ ገባች፤ የሻንጣው ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ስትመለስ እጇ ላይ ነጭ ጨርቅ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ሃያ ሦስተኛውን ገጽ በያዘው ወረቀት አናት አስቀመጠችው። ክብደቱ ወረቀቱን ተጫነው።

«የእናትሽ መቀስ ነው። አንቺ ጋ ይሁን።»

«ኤዶ፣ አንቺ ነሽ የምትሠሪበት፤ እኔ ምን ላደርገው? ያዢው፣ ቀሚሱን እንኳ—»

«እኔ የራሴ አለኝ፣ ኢልሃን።»

ሻዩ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም አልተነሱለትም። ኢልሃን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ስሟ ከሳሕራ አፍ ሲወጣ ስትሰማ ግን የመጀመሪያዋ ነበር።